የዳሌው ዋንዛ፦ ሀዋሳ ውስጥ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል የተገኙ 27 ጣውላዎች ስንት ያወጣሉ?

ልጅየው የደወለልኝ ማታ ነው። "ጋሼ፣ እናቴ የአባዬን እንጨት ነገ ጠዋት ልትሸጠው ነው። ከመሸጧ በፊት አንዴ ብቻ ይዩልን" አለኝ። ጥቅምት 2017 ነበር። በነጋታው ባጃጅ ይዤ ታቦር ተራራ ግርጌ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ።

ከቤቱ ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለች። ወለሏ አፈር ነው። በር ስንከፍት ጭለማ፣ አቧራ፣ የሸረሪት ድር። ከዚያ ሥር 27 ጣውላ ተደርድሯል። ሟች አስተማሪ ነበሩ። ደመወዝ ሲተርፋቸው ጣውላ ይገዙ ነበር። "ሰው ወርቅ ይገዛል፣ እሱ እንጨት" አሉኝ እትዬ፣ የልጁ እናት። ጡረታ ሲወጡ ለልጆቻቸው የቤት ዕቃ ሊያሠሩበት ነበር። ሳይደርስላቸው ቀረ።

ነጋዴው አንድ ቀን ቀደም ብሎ መጥቶ አይቷል። ለሁሉም አንድ ዋጋ ጠርቷል፤ በጅምላ፣ እንዳለ። መኪናም አዘጋጅቷል።

እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዋጋ በብር አልጠራም። የዛሬ ብር ከጥቂት ወራት በኋላ ለሚያነብ ሰው ምንም አይነግረውም። ስለዚህ አንድ ተራ የግራቪሊያ ጣውላን "አንድ" ብዬ ልያዝና ሌላውን በእሱ ልለካ። በዚህ ልክ ነጋዴው ለ27ቱ ጣውላ የጠራው የ40 ግራቪሊያ ዋጋ ነው። ሲሰሙት መጥፎ አይመስልም። እትዬም ደስ ብሏቸው ነበር።

እኔ 20 ዓመት ያህል የቤት ዕቃ ሠርቻለሁ። ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር ተናገርኩ፦ እኔ አልገዛም። የሚገምት ሰው ገዢ ከሆነ ግምቱ ወዴት እንደሚያዘነብል የታወቀ ነው። የአንድ ቀን አበል ይከፈለኝ፣ በቃ። እትዬም "ይሁን፣ ቡና ግን ሳትጠጣ አትሄድም" አሉ።

የቤተሰቡ ቆጠራ እንዲህ ነበር። 14 ዋንዛ፣ 6 ቀረሮ፣ 4 ኮሶ። ከታች፣ አፈሩ ላይ የተኙት 3ቱ ደግሞ ምን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ነጋዴው እነዚያን 3ቱን በእግሩ ነካ አድርጎ "ይሄ ማገዶ ነው" ብሏል።

መጀመሪያ ሁሉንም አወጣናቸው። ይሄን የምለው ብዙ ሰው ስለሚዘልለው ነው። ክምር ውስጥ ያለ ጣውላ አይገመትም። ፀሐይ ላይ አውጥተህ፣ ሁለቱንም ፊት አይተህ፣ ጫፉን ጠርገህ ነው። እኔና ልጁ እስከ እኩለ ቀን ስንሸከም ቆየን። ስንሸከም ራሱ እንጨቱ ይናገራል። ዋንዛዎቹን አንድ ሰው በትከሻው ይዞ ይወጣል። ከታች ያሉትን 3ቱን ግን ሁለት ሆነን እያቃሰትን ነው ያወጣናቸው። ማገዶ የተባለው እንጨት እንደዚያ ሲከብድ መጠርጠር ጀመርኩ።

ከዚያ ከእያንዳንዱ ጣውላ ጥግ ላይ እንደ እጅ መዳፍ የምታክል ቦታ በመላጊያ ላግሁ። የቆየ እንጨት ላዩ ሁሉ አንድ ነው፤ አመድማ። አንድ ሚሊ ሜትር ስትወርድ ነው እውነተኛ ፊቱ የሚወጣው። በውሃ እርጥብ ያለ ጨርቅ አሳርፌበት ቀለሙን አየሁ። ቫርኒሽ ሲቀባ የሚመስለውን በግምት ያሳያል።

ኮሶ የተባሉት 4ቱ ላይ ስደርስ ልቤ ተከፋ። ላያቸው ጥቁር ቀይ ነው፤ የኮሶ እንጨት ቀለም። መላጊያው ሲያልፍ ግን ከሥር ፈዛዛ ሮዝማ ቡኒ ወጣ። ቀለሙ ወረቀት ያህል እንኳ ውፍረት የለውም፤ የተቀባ ነው። ጣውላውን ወደ ብርሃን ዘንበል አደረግሁት። ፊቱ ላይ የሚያብረቀርቁ ጠፍጣፋ ነጠብጣቦች ታዩ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄዶ ዓሣ ሲፋቅ ያየ ሰው ቅርፊቱ ጠረጴዛው ላይ ተበትኖ ሲያበራ ያስታውሳል፤ ልክ እንደዚያ። ግራቪሊያ ነው። ግራቪሊያ ይሄንን ቅርፊት መሰል ብልጭታ የሚያሳየው በተወሰነ አቅጣጫ ሲሰነጠቅ ነው፤ ኮሶ ላይ እንደዚህ ጎልቶ አይታይም። ሟቹን አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት ሸውዷቸዋል። እትዬ ሲሰሙ ዝም አሉ። ከዚያ "እሱ ሰው ያምን ነበር" አሉ። እኔም ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

ግራቪሊያ መጥፎ እንጨት አይደለም። እነዚህ 4ቱ ደግሞ ቀጥ ብለው በደንብ ደርቀዋል። ለ4ቱ 5 ሰጠሁ።

ቀረሮዎቹ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ቀረሮ በደቡብ ምዕራብ ደኖች ውስጥ የሚያድግ ረጅም፣ ቀጥ ያለ ዛፍ ነው። ጣውላውም እንደ ዛፉ ቀጥ ያለ ነው። 6ቱም ንጹሕ ነበሩ። እያንዳንዳቸው 3፤ በድምሩ 18።

አሁን ወደ ዋንዛው።

እንጨት የሚያውቅ ሰው "14 ዋንዛ አለ" ሲባል መጀመሪያ የሚጠይቀው ከስንት ዛፍ ነው ብሎ ነው። ጫፎቹን በሽቦ ብሩሽ ጠረግሁ። በ9ኙ ጫፍ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፏል፤ ከ1 እስከ 9። ከቁጥሩ ሥር ደግሞ በትናንሽ ፊደል "ዳሌ 98"። ልጁን ጠራሁትና አሳየሁት። "የአባዬ እጅ ጽሑፍ ነው" አለ።

እትዬ ታሪኩን ያውቁታል። ዋንዛዋ ሲዳማ ውስጥ ዳሌ በሚባል ወረዳ፣ በባላቸው አባት የቡና ጓሮ ውስጥ የነበረች የጥላ ዛፍ ናት። በሲዳምኛ ዋዲቾ ይሏታል። በ1998 ንፋስ ጣላት። ሟቹ ሁለት መጋዝ ሳቢዎች አስመጥተው እዚያው ወድቃ ባለችበት አሰነጠቋት። ይህንንም እንጨቱ ራሱ ይመሰክራል። በሁለት ሰው የእጅ መጋዝ የተሰነጠቀ ጣውላ ፊቱ ላይ ያለው ጭረት ቀጥ ያለ ግን ወጣ ገባ ነው። ክብ መጋዝ ቢሆን ጭረቱ እንደ ማጭድ ይጎብጣል። ውፍረቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አንዱ ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው 3 ተኩል።

9ኙን ጣውላ እንደ ቁጥራቸው ተራ መሬት ላይ ዘረጋናቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በእኔ እምነት የዚህ ክምር ዋናው ዋጋ ያለው እዚህ ነው። ጣውላ 3 ላይ ያለ የእንጨት መስመር ጣውላ 4 ላይ ይቀጥላል፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ። 5 ላይ ትንሽ ሰፋ ይላል። 6 ላይ አንድ ጉጥ ዙሪያ እንደ ውሃ አዙሪት ሠርቶ 7 ላይ እየጠፋ ይሄዳል። መሃሉ የዋንዛ ልብ ነው፤ ጥቁር ወርቃማ ቡኒ። ዳርና ዳሩ ክሬም መሳይ ነጭ ነው። ይሄ አንድ ላይ ተገጥሞ ጠረጴዛ ሲሆን ዓይን መጋጠሚያውን አያገኘውም። ከአምስት ዛፍ የተለቃቀመ ዋንዛ የፈለገውን ያህል ቢዋብ ይሄንን አይሰጥም። ቀለሙ ይለያያል፤ ዓመት ሲያልፍ ደግሞ አንዱ ይጠቁራል፣ አንዱ ይቀራል።

ነጋዴው በጅምላ ወስዶ ቢሆን ኖሮ ይሄ ተራ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይበተን ነበር። ሁለቱ ለአንዱ፣ ሦስቱ ለሌላው። ክፋት ስላለበት አይደለም፤ ሥራው እንደዚያ ስለሆነ ነው።

ስሜት ግን ዋጋ አይደለምና ወደ ሜትርና ሚዛን ገባሁ። አንዱ ጣውላ በአማካይ 3 ሜትር ከ80 ርዝመት፣ 34 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው። ስናባዛው 0.041 ሜትር ኪዩብ። በተንጠልጣይ ሚዛን 19 ኪሎ መዘነ። ይሄ በሜትር ኪዩብ ወደ 460 ኪሎ ይመጣል። ደረቅ ዋንዛ ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 550 ኪሎ ባለው መሃል ይወድቃል። ስለዚህ ዝርያውም፣ ድርቀቱም ይስማማሉ።

ድርቀቱን ግን በሚዛን ብቻ አላመንኩም። ባለሁለት መርፌ የእርጥበት መለኪያ አለኝ፤ ነገር ግን የሚያነበው መርፌው የደረሰበትን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ዋንዛ፣ ከጫፉ 20 ሴንቲ ሜትር ገባ ብዬ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ቁራጭ አወጣሁ። ጫፉ ቶሎ ስለሚደርቅ ይዋሻል፤ ለዚህ ነው ገባ ማለት ያስፈለገው። ቁራጯ 100 ግራም መዘነች። ቤቴ ወስጄ ኦቨን ውስጥ ከ100 ዲግሪ ትንሽ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኳት፤ ክብደቷ መቀነስ እስኪያቆም። በመጨረሻ 89 ግራም ሆነች። የወጣው ውሃ 11 ግራም ነው። ለ89 ሲካፈል 12 በመቶ ከምናምን። ሀዋሳ ውስጥ ቤት ለሚገባ ዕቃ ይሄ ጥሩ ነው። ይሄ እንጨት ዓመታት ሙሉ ሥራውን በራሱ ጨርሷል።

ቀጥሎ ብክነቱን አሰላሁ። ብዙ ሻጭም ገዢም የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጣውላ የሚሸጠው በሙሉ መጠኑ ነው፤ ዕቃ የሚሠራው ግን ከንጹሑ ክፍል ነው። ከየጫፉ 20 ሴንቲ ሜትር ስንጥቅ አለው፤ ይወጣል። ከግራና ቀኝ ነጩ ክፍል 4፣ 4 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። የቀረው 3 ሜትር ከ40 በ26 ሴንቲ ሜትር ነው። ከላዩ ስፋት 68 በመቶው። ሲላግ ደግሞ 3.2 የነበረው ውፍረት 2.5 ይሆናል። ሁሉም ሲባዛ ከአንድ ጣውላ ለዕቃ የሚተርፈው ከግማሽ ትንሽ በላይ ነው። ለጥሩ ዋንዛ ይሄ ጥሩ ውጤት ነው። እንጨት በሜትር ኪዩብ ብቻ የሚገዛ ሰው ግማሹን የገዛው ለማገዶና ለፍቅፋቂ መሆኑን ይወቅ።

አንድ ዋንዛ ብቻውን ቢሆን 4 እሰጠው ነበር። ተከታታይ 9 ስለሆኑ ግን እያንዳንዳቸውን 6 ብዬ ጻፍኩ። ድምሩ 54። ነጋዴው ለክምሩ በሙሉ ከጠራው ዋጋ በላይ ማለት ነው።

የቀሩት 5 ዋንዛዎች ሌላ ታሪክ ናቸው። ቁጥር የላቸውም። ነጩ ክፍላቸው ሰፊ ነው፤ እሱም ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክሉ ነጠብጣቦች አሉ። ነቀዝ ነው። ነቀዝ ነጩን ክፍል የሚወደው ስታርች ስላለበት ነው፤ ልቡን አይነካም። ጥያቄው ነቀዙ ያለፈ ነው ወይስ ዛሬም እየበላ ነው የሚለው ነው። ቀዳዳ አይቶ ይሄን መናገር አይቻልም። ስለዚህ ጣውላዎቹን በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ፣ ከሥራቸው ጥቁር ፌስታል ዘርግቼ፣ ማንም እንዳይነካቸው አልኩ። 5 ቀን።

ይሄ 5 ቀን ቀላል አልነበረም። ነጋዴው መጣ፤ መኪናው ቆሟል። እትዬ እኔን አዩኝ። "እትዬ፣ እንጨቱ ይሄን ሁሉ ዓመት ጠብቋል፣ 5 ቀን ምን አላት?" አልኳቸው። ነጋዴው ከ40 ወደ 60 ከፍ አደረገ። እዚያው በቆምንበት። በአንድ አፍታ ዋጋ ግማሽ ያህል ሲጨምር የመጀመሪያው ዋጋ ምን እንደነበረ እትዬ ራሳቸው ገባቸው። "ልጄ ይወስን" ብለው ወደ ቤት ገቡ። ልጁም "እንጠብቅ" አለ።

በ5ኛው ቀን ፌስታሉን አነሳን። በ3ቱ ሥር የጤፍ ዱቄት የመሰለ ለስላሳ ብናኝ ትንንሽ ክምር ሠርቶ ተቀምጧል። በ2ቱ ሥር ምንም የለም። 3ቱን ከሌላው ለይተን፣ ነጩን ክፍል ቆርጠን እዚያው አቃጠልነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ሌላ 9 ዋንዛ እንዳለ አትርሱ። የቀረው ልብ ጠባብ ነው፤ ግን ጤነኛ ነው። ለ5ቱ 10 ጻፍኩ።

ማገዶ የተባሉት 3ቱስ?

መጀመሪያ ስይዛቸው አሮጌ ባህር ዛፍ መስለውኝ ነበር። ስላጋቸው ቀለሙ ቀይ ቡኒ፣ ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ ሆነ። ፍቅፋቂው እጄ ላይ ትንሽ ሽታ ተወ። ኮክ በልታችሁ ፍሬውን ብትሰብሩ ውስጡ ያለችው መራራ ፍሬ የምትሸተውን ዓይነት ሽታ። ጥቁር እንጨት የኮክ ዘመድ ነው። ስሙ ሰው ያሳስታል፤ ጥቁሩ ልጡ ነው፣ እንጨቱ ቀይ ነው። ቁራጭ ይዤ ወንዶ ገነት ደን ኮሌጅ የሚያስተምር ወዳጄ ጋ ሄድኩ። ጫፉን በምላጭ ቆርጦ በአጉሊ መነጽር አየውና "ጥቁር እንጨት ነው" አለኝ።

ልጁ ሲሰማ ዓይኑ በራ። ብርቅ ነዋ! ልጡ ለፕሮስቴት መድኃኒት ስለሚፈለግ በብዙ አገር እየተላጠ የተመናመነ ዛፍ ነው። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ሳይተስ በሚባለው፣ አደጋ ላይ ያሉ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚመለከት ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ታዲያ ብርቅ ከሆነ ውድ አይደለም?

አይደለም፤ ቢያንስ እነዚህ 3ቱ። ከነሱም ያወጣሁት ቁራጭ 212 ግራም መዝኖ ደርቆ 168 ሆነ። 26 በመቶ እርጥበት ነው። ብዙ ክረምት ከአፈሩ ውሃ ሲጠጡ ኖረዋል። አንዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጠማዟል። ሌላው የግንዱን እምብርት ይዞ ስለተሰነጠቀ መሃል ለመሃል ተተርትሯል። እንዲህ የጠነከረ እንጨት ሲጣመም መልሶ አይቃናም። ከነዚህ የሚወጣው የወንበር እግር፣ የመሣሪያ እጀታ፣ ምናልባት ትንሽ ሳጥን ነው። ያውም ደርቀው። ስለዚህ ለ3ቱ 6 ሰጠሁ። ልጁ ትንሽ ቅር አለው። እኔ ግን ዛፉ ብርቅ ስለሆነ ብቻ ጠማማ ጣውላ ላይ ዋጋ መቆለል አልችልም። ገዢው ነገ ወርክሾፑ ውስጥ ሲላጋው እውነቱን ያየዋል።

ሁሉም ሲደመር 93 ሆነ።

ከመሸጡ በፊት አንድ ነገር ቀርቶን ነበር፤ ወረቀት። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ በ1986ቱ የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ የተከለከሉ ዛፎች ናቸው። አሁን ያለው አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው፤ የደን ውጤት ከቦታ ቦታ ሲጓጓዝም ፈቃድ ይፈልጋል። የዳሌዋ ዋንዛ የግል ጓሮ ዛፍ ናት፤ ንፋስ ነው የጣላት። ነገር ግን ኬላ ላይ የቆመ ሰው ይሄን በምን ያውቃል? እትዬ የባላቸውን ሣጥን ፈተሹ። በ1998 ከቀበሌ የተጻፈች፣ ዛፏ መውደቋን የምትመሰክር ብጣሽ ወረቀት አገኙ። ማኅተሟ ደብዝዟል፤ ግን አለች። እኔ ይቺን ወረቀት ከዋጋው ለይቼ አላያትም። ምንጩ የሚታወቅ እንጨትና የማይታወቅ እንጨት እኩል አይሸጥም። ልጁ ኮፒውን ይዞ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄዶ ጠየቀ። ምንም ጣውላ ከግቢ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሽያጩ ግምቴን ሙሉ በሙሉ አልተከተለም። ቀረሮዎቹ በ3፣ በ3 ሄዱ፤ ልክ እንዳልኩት። ግራቪሊያዎቹን ጎረቤት ወሰዳቸው። ነቀዝ የነካቸው ዋንዛዎች 10 ብዬ 7 ተኩል አወጡ። የእኔ ስህተት ነው። ጠባብ ልብ የሚፈልግ ገዢ ትንሽ መሆኑን በደንብ አላሰብኩም።

ከ9ኙ ተከታታይ እትዬ 4ቱን አልሸጡም። ከ3 እስከ 6 ያሉትን። "እሱ ያሰበው ጠረጴዛ ይሠራልኝ" አሉ። 4ቱ ጎን ለጎን ሲገጠሙ 1 ሜትር ስፋት ይወጣቸዋል፤ ርዝመቱን 2 ሜትር ከ20 አደረግነው፤ 8 ሰው ያስቀምጣል። ጉጧ ጣውላ 6 ላይ ስላለች በመስኮቱ በኩል እንድትሆን እትዬ ራሳቸው መረጡ። ከ9ኙ የቀሩትን 5 ዋንዛ አንድ ሌላ አናጺ ለቡፌ ገዛ። እኔ ለአንዱ 6 ብዬ ነበር፣ እሱ 5 ሰጠ። አንድ ቃል ግን አስገባነው፤ 5ቱ እንዳይለያዩ። 1፣ 2 እና 7፣ 8፣ 9 ናቸው። እንደ ቁጥራቸው በሁለት በር ላይ ገጥሟቸዋል፤ ሄጄ አይቻለሁ፣ ያምራል።

3ቱ ጥቁር እንጨቶች አልተሸጡም። ከአፈሩ አንስተን ብሎኬት ላይ አስቀመጥናቸው። በመካከላቸው እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች አስገብተን፣ ከላይ ድንጋይ ጭነን፣ ነፋስ እንዲያገኛቸው አድርገናል። ልጁ በየወሩ ቀጥ ያለውን አንዱን ይመዝናል፤ ቁጥሩን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ይጽፋል። በጥቅምት 31 ኪሎ ከ800 ነበር። በመጋቢት 30 ገብቷል። 28 ሲደርስ ይደውልልኛል።